የውሃ አባቱና ቦይለሩ

ቦይለሩ የተገዛው ለአባቴ እጅ ነው። ለእኛማ ማን አስቦልን። እኔና ባለቤቴ ወልድያ ስንኖር ይሄን ሁሉ ዘመን በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቀን ሥራ የምንገባ፣ ብርድ ሲብስም አንድ ድስት አሙቀን በባልዲ በርዘን የምንገላገል ሰዎች ነን። አባቴ ግን ከግራና ከመጡ ወዲህ ጣቶቻቸው ያብጡ ጀመር። ግራና ቆላ ነው፤ ውሃው ሳይሞቅ እንኳ ለብ ያለ ነው። የወልድያ የማለዳ ውሃ ደግሞ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አንድ ጠዋት ለሱብሂ ሰላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው ሲመለሱ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲታገሉ አየኋቸው። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቦይለር ፍለጋ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር ለቁርጥማቱ ብቻም አልነበረም፤ ማባበያም ነበር። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አባቴ ግራና ላይ ብቻቸውን ናቸው። ወንድሜ ጅዳ ነው፤ አገር ውስጥ ያለሁት ልጅ እኔ ነኝ። ግራና ደግሞ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ደህና ቀን ከሆነ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ መርሳ ላይ መኪና ቀይሬ ለምሳ እደርሳለሁ። ደህና ቀን ካልሆነስ? መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ በነበረ ጊዜ አባቴን ወባ ጥሏቸው ከርሟል። እኔ ሱቄ ውስጥ ሻርፕ ሳጣጥፍ እሳቸው አልጋ ላይ ይቃዣሉ። ያወቅኩት ከዳኑ በኋላ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። «መጣሽ እንዴ?» አሉኝ፣ ጎረቤት ደርሼ የተመለስኩ ይመስል። እየተነፋረቅኩ ልብሳቸውን በፌስታል ሰበሰብኩና ይዣቸው መጣሁ።

እሳቸው የመጡት «ለጥቂት ቀን» ብለው ነው። ጥቂቱ ቀን ከረመ፤ ልባቸው ግን ግራና እንደቀረ ነው። አባቴ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ከወንዝ የተጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያደርስ፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ገበሬው ራሱ መክሮ የሚመርጠው ሰው ነው። ደሞዝ የለውም። ጭቅጭቁ ግን ሞልቷል። አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ የያዙት ነገር ነው። ወደ እኔ ሲመጡ አንድ ጎረቤት በቦታቸው ለጊዜው አቁመው ነው።

እና በየጁምዓው ከግራና ይደወላል። የላይኛው ማሳ ውሃ አልደረሰውም፣ የታችኛው ከተራው በላይ ወሰደ፣ እንትና የቦዩን አፍ በሌሊት ከፈተ። አባቴ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው በስልክ ይዳኛሉ። ድምፃቸው ያኔ ሌላ ነው፤ ወፈር ይላል። ሲጨርሱ ስልኩን ያቀብሉኝና «ኢንሻአላህ ሽንኩርቱ ሳይተከል እመለሳለሁ» ይላሉ። እኔም በአፌ «ኢንሻአላህ» እላለሁ። በሆዴ «እናያለና» እላለሁ።

ቦይለሩን የገጠመልን ሰው የመርሳ ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ አፈ ጮሌ፣ ሥራው የሚያረካ፣ ቀጠሮው የማይታመን። ሦስቴ ቀጥሮኝ በስተመጨረሻ መጣና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከበሩ በላይ ሰቀለው። በማግስቱ አባቴ ውዱእ ሊያደርጉ ገቡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሌባ ጆሮዬን ጥዬ ቆሜያለሁ። ውሃው ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ የለም፣ ውሃው ብቻ ይወርዳል። ውሃ ሳይዘጉ የሚቆዩ ሰው አይደሉምና ደነገጥኩ። ሲወጡ እጃቸው ቀላ ብሏል። «የግራና ውሃ አደረግሽው» አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሱቅ የመጣ ሰው ሁሉ ያን ቀን ቅናሽ ተደርጎለት ሄደ።

ደስታችን ብዙም አልሰነበተ፣ ቦይለሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ የብረት አፍ አለችው፤ ውሃው ሲሞቅ በእሷ በኩል ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እኔ መጀመሪያ ልብም አላልኩት። አባቴ ግን የሚንጠባጠብ ውሃ እየሰሙ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያፈስ ቦይ ሲደፍኑ የኖሩ ናቸው። ባልዲ አስቀመጡበት። ባልዲው ሲጋመስ ወደ ጓሮ ይወስዱና ለሎሚ ዛፏ አፍስሰው ይመለሳሉ። ሱቅ ስሄድ ባልዲውን እያዩ እተዋቸዋለሁ፤ ስመለስም እያዩት አገኛቸዋለሁ።

«ኢስራፍ ነው» ይላሉ። አላህ የሰጠውን ማባከን ነው ማለታቸው ነው። «ከተማው ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፤ አንቺ ቤት በዘፈቀደ ይፈሳል። እንዴት ያስችልሻል?»

«አባባ፣ ጠብታ ናት እኮ።»

«የላይኛው ቦይ የተናደ ጊዜም ጠብታ ናት ሲሉ ነበር» አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ።

እሺ ብዬ ቦይለሩን ለገጠመልን ለቧንቧ ሠራተኛው ደወልኩ። ለመምጣት ሰነፍ ነው እንጂ በስልክ ለማስረዳትማ ማን ብሎት። «እህቴ፣ እሱ ጤናው ነው» አለኝ። «ውሃ ሲሞቅ ይነፋል፤ ትርፉን በዚያች አፍ ነው የሚተፋው። መተንፈሻው ናት። መፍራት ባቆመች ጊዜ ነው።» እኔ ቁልፌን ይዤ፣ አንድ እግሬ በር ላይ ነው፤ የመጨረሻዋን ቃል ልብ አላልኳትም። «አባባ፣ ጤናው ነው ተብሏል፤ አይነካም» አልኳቸው። አባቴ ቀና ብለው ቦይለሩን አዩት። «የሚያንጠባጥብ ጤና አለ እንዴ?» አሉ። ባለቤቴ በባጃጁ ሱቅ እስኪያደርሰኝ በዚህ ስንስቅ ሄድን።

ከዚያ በኋላ ጠብታው ቆመ። ባልዲው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መታጠቢያ ቤቱ ደረቀ። «አየህ፣ ራሱ ዳነ» አልኩት ባለቤቴን። አባቴ «አልሃምዱሊላህ» ብቻ አሉ። ፊታቸው ግን አንድ ነገር ጥሩ አድርጎ የጨረሰ ሰው ፊት ነበር። እኔም አልጠረጠርኩ። ቤቴ ሰላም ሆኖ፣ አባቴ ምሳቸውን በደንብ በልተው፣ ምን ቆርጦኝ እጠረጥራለሁ።

ቅዳሜ ለምሳ ወደ ቤት ስመጣ ከጓሮ ዞሮ የመጣ ውሃ በበረንዳው ደረጃ ሥር ይወርዳል። የኛ ፈረቃ የዋለበት ቀን ነው፤ ግፊቱ ጠንካራ ነበር። በሩን ከፈትኩት። አባቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በባዶ እግራቸው፣ በፕላስቲክ ጣሳ ውሃ ይቀዳሉ። የእኔን ብርድ ልብሶች ጠቅልለው መኝታ ቤቱ በር ላይ ግድብ ሠርተዋል። የሶፋዬን ትራሶች ደግሞ ሳሎኑ አፍ ላይ አጋድመው ደርድረው፣ ውሃው ወደ ሳሎን ሳይገባ በኮሪደሩ ታጥፎ በጓሮ በር እንዲወጣ አድርገውታል። ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃው ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ይወጣል። መኝታ ቤቴ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም።

እኔ ግን ያን ጊዜ ያን ሁሉ አላየሁም። ያየሁት የአባቴን እግር ውሃ ውስጥ ነው። ቦይለሩ በመብራት ነው የሚሠራው። ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁና ተመልሼ ክንዳቸውን ይዤ በረንዳ ላይ አወጣኋቸው። «መብራት አለው አባባ፣ መብራት አለው» አልኩ ደጋግሜ። እሳቸው ጣሳውን እንደያዙ ናቸው። «አብሽሪ» አሉኝ፣ «መኝታሽን አድኜዋለሁ።» ይሄን ሲሉኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ሳቄ መጣ።

ባለቤቴ መጥቶ ዋናውን ውሃ ዘጋ። ቧንቧ ሠራተኛው እንደ ልማዱ በማግስቱ መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ በባትሪ ሲያየው ሳቁ ፈነዳ።

«ወላዲተ አምላክ» አለ፤ «ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

ያቺ የብረት አፍ በተጠረበ እንጨት ተወትፋ፣ በላዩ ላይ በካላማዳሪያ፣ ከባለቤቴ አሮጌ የባጃጅ ጎማ በተቆረጠ፣ እየተጠመጠመች እየተጠመጠመች ታስራለች። አስተሳሰሩን ሳይ ወዲያው አወቅኩት። ግራና የመስኖ ቱቦ ሲቀደድ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስረው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጫፉን ይዤ አሳስሬያለሁ። ቦይለሩ መተንፈሻው ሲታፈን፣ ውሃው በላይ በላዩ ሲሞቅ፣ ብየዳው ለቆ ሆዱ ተከፍቷል።

«እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት አባቴ ከኋላዬ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሰውየው ሳቁን ዋጠ። ከመሰላሉ ወረደ። «አባቴ፣ ማሰሩንስ አስረውታል» አለ፤ «እኔ ራሴ እንዲህ አላስርም። ቦታው አልነበረም እንጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ብበይደውም አይይዝም፣ ሌላ ነው የሚገዛው፣ ዕቃው እስኪመጣ ትንሽ ታገሱ አለኝ። አባቴ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው እያሹ ይሰማሉ። ሰውየው ሲወጣ «አፉ በይኝ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ ምን ይላሉ አባባ። ብረት እኮ ነው። ብረት ይሰበር። አብሽሩ በቃ።»

ከልቤ ነው ያልኩት። እሳቸው ግን ቆባቸውን አድርገው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ምሳ ሲቀርብም ትንሽ ቀማምሰው ተነሱ።

በነጋታው ለሱብሂ ቀድሜ ተነስቼ ውሃ አሞቅኩ። በጆግ አድርጌ መታጠቢያ ቤት አስቀመጥኩላቸው። ስመለስ ውሃው እንዳለ ነው፤ እሳቸው መስጊድ ሄደዋል። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ረስተውት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ባለቤቴ ከመስጊድ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ፣ ሊነግረኝ የፈራውን ነገር ነገረኝ። አባቴ መስጊዱ ቧንቧ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ በበረዶ ውሃ ነው ውዱእ የሚያደርጉት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቧንቧውን መዝጋት ያቅታቸዋል። ልርዳዎት ቢላቸው እምቢ ብለዋል።

እኔ እንደሆንኩ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው ያለችው። ምሳ እስኪደርስ ድስት ከድስት ሳጋጭ ዋልኩ። ምሳ ቀርቦ አባቴ እንጀራውን ሊቆርሱ ጣታቸውን ሲሰበስቡ፣ ጣታቸው አልሰበሰብ አለ። እንጀራው ተንሸራተተ፤ እንደገና ሞከሩ። ቁጣዬ ጥሎኝ ጠፋ። ቆርሼ በፊታቸው አደረግኩና ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያሞቅኩልዎትን ውሃ ምነው ተዉት?»

«ተራዬን አልፌዋለሁ» አሉ፤ ቀና ሳይሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ማለታቸው ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ የቦይ ዳር ልጅ ነኝ፣ ወዲያው ገባኝ። የኛ አገር ቦይ ሕጉ አንድ ነው። ቦይ ያፈረሰ ሰው፣ በቸልታም ይሁን በስርቆት፣ ተራው ሲደርስ ውሃ አያገኝም፤ ተራውን ያልፋል። አማላጅ አይላክበትም፣ ይቅርታ አይሠራበትም። አባቴ በዚህ ነገር ዘመድ አያውቁም፤ ራሳቸውንም አያውቁም። የብየዳው ጉዳይ ለእኔ የዕቃ መሰበር ነው። ለእሳቸው የውሃ አባት ሆነው የሰው ውሃ ማፍሰሳቸው ነው። ስለዚህ ራሳቸው ከሳሽ፣ ራሳቸው ዳኛ ሆነው በራሳቸው ፈርደዋል። ከእኔ ቤት ሙቅ ውሃ አይነኩም።

ይሄ ሲገርመኝ የቀረውን ጨመሩልኝ። «ተራውን ያለፈ ሰው ደግሞ ቦይ ዳር ተቀምጦ የሰው ውሃ ሲሄድ አያይም፤ ወደ ቤቱ ይገባል። መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ። በዚህ ሳምንት ልሂድ።»

ትሪውን አንስቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ተከትሎኝ ገባ። እሱ እኔ ስናደድ ቀልድ የሚመጣለት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ለምኛቸው» አለኝ።

«አይለመኑም። በልመና የሚመለሱ ቢሆኑ የእናቴ ሽንኩርት አይጠወልግም ነበር።»

«የምን ሽንኩርት?»

ለእሱ ስነግረው ነው ነገሩ የበራልኝ። ልጅ ሆኜ የኛው በሬ ቦዩን ረግጦ ናደውና ውሃው ሜዳ ላይ ፈሰሰ። አባቴ የራሳቸውን ተራ አሳለፉ። የእናቴ ሽንኩርት ቅጠሉ ወደ መሬት ተኛ። እናቴ ምሳቸውን ታቀርባለች እንጂ አታናግራቸውም። እሳቸውም ይበላሉ እንጂ አይመለሱም። ሽንኩርቱ አልቆለት ነበር፣ ከታችኛው ማሳ አንዲት ባልቴት ባትመጣ ኖሮ። ሴትዮዋ ሰው በተሰበሰበበት ቦዩ ዳር ቆማ፣ ለአባቴ፣ ለውሃ አባቱ፣ «የዛሬውን ተራዬን ለሚስትህ ሰጥቻታለሁ» አለቻቸው። ሕጉ ይሄም አለው። ሰው ተራውን ለፈለገው መስጠት ይችላል፤ የውሃ አባት ምስክር ይጠይቃል እንጂ እምቢ ማለት አይችልም። አባቴ ምስክር ጠየቁ። ምስክር ተገኘ። አካፋቸውን አንስተው በገዛ እጃቸው ውሃውን ወደ እናቴ ሽንኩርት መለሱት።

ባለቤቴ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጣድኩ።

የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሊደርስ ነበር። አባቴ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ባለቤቴ ወዲያ ማዶ ባጃጁን በጨርቅ ይወለውላል፤ ንጹሕ ነው ግን ይወለውላል። ውሃውን በርዤ፣ በእጄ ሞክሬ፣ ጆጉንና ሳፋውን ይዤ ሄድኩና ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ የዛሬው ውሃ የማን ተራ ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያንቺ ነዋ። ቤቱ ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው ተራዬን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።»

ፊታቸው ተለወጠ፤ በስልክ ሲዳኙ የማየው ፊት መጣ። ምን እንዳደረግኩ ገብቷቸዋል። ሕግ ነው፣ ማምለጫ የለውም። ጢማቸውን በአበጠው ጣታቸው ዳበሱና «ምስክር?» አሉ።

«እኔ አለሁ» አለ ባለቤቴ ከባጃጁ ኋላ።

«ባል ለሚስቱ ይመሰክራል እንዴ?» አሉ። አፋቸው ጠርዝ ላይ ፈገግታ ነበረች። አሸነፍኩ ብዬ ጎንበስ ስል ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ፈገግታዋ ጠፋች።

«ልጄ» አሉ፣ «ተራ የሚሰጠው ማሳ ላለው ሰው ነው። የሌለው ሰው ውሃውን የት ያደርገዋል? እኔ እዚህ ምን አለኝ? ቤቱ የባልሽና ያንቺ ነው። ብርድ ልብሱም ያንቺ ነው፣ ብረቱም ያንቺ ነበር። በእንግድነት መጥቼ የሰው ዕቃ ሰበርኩ። ግራና ላይ ብሰብርም የራሴን ነው።»

እኔ ብርዱ ነው፣ ቁርጥማቱ ነው፣ ግራና ናፍቋቸው ነው እያልኩ ነበር። ይሄን ሁሉ ወራት እኔ ቤት እንግዳ ሆነው ሲቀመጡ፣ ጠዋት ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ጥግ ሲያስቀምጡ፣ ሻይ ሲጨመርላቸው «ይበቃል፣ አትቸገሪ» ሲሉ፣ ጨዋነታቸው ይመስለኝ ነበር። ጆጉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሕጉም ብልሃቱም ከእጄ አለቀ።

«አባባ፣ እኔ እፈራለሁ» አልኩ።

ይሄን ለማንም ብዬው አላውቅም። አንዴ ከወጣ ግን አልቆም አለኝ። «ያኔ ታመው ሳላውቅ የቀረሁ ጊዜ ነው የያዘኝ። ስልክዎ ጠርቶ ጠርቶ ካልተነሳ እስኪነሳ ስደጋግም እውላለሁ። መንገድ ተዘጋ ሲሉ ከሁሉ በፊት የማስበው እርስዎን ነው። ቦይለሩ ይሰበር፣ ቤቱም በውሃ ይሂድ። ማታ በግድግዳው በኩል ሲያስሉ ስሰማ፣ አሉልኝ ብዬ፣ እንቅልፍ የሚወስደኝ እኔ ነኝ። እዚህ ይሁኑ የምልዎት ለእርስዎ ብዬ አይደለም አባባ። ለራሴ ነው የምለምነው። ምንም የለኝም አይበሉ። እኔ አለሁልዎት፣ የእርስዎ ነኝ እኮ።»

ባለቤቴ ጨርቁን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወደ ቤት ገባ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከጎረቤት የሆነ ሰው ራዲዮ ከፍቷል፤ ስለ ምን እንደሚያወራ አላውቅም። ውሃው ጆጉ ውስጥ እየበረደ ነው። ከዚያ አባቴ ቀኝ እጅጌያቸውን ይሰበስቡ ጀመር። ጣታቸው እምቢ ሲላቸው እኔ ሰበሰብኩላቸው፤ የግራውንም።

«አፍሺ» አሉኝ።

ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን አሻሹ፤ ውሃው በአበጠው መገጣጠሚያ መካከል እየገባ ይወርዳል። ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው። ራሳቸውን በእርጥብ እጃቸው ዳበሱ። እግራቸው ብቻ ሲቀር እጄን ያዙኝ።

«ስልክ ደውይልኝ፣ ግራና።»

እሳቸው ቦታ ላቆሙት ጎረቤት ደወልኩ። እጃቸው እርጥብ ስለሆነ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ሰውየው ማሳ ላይ ነው መሰል ይጮሃል፤ ለእኔም ይሰማል። ሰላምታውን አዘነበው፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ሊተከል ነው፣ ቦዩ ተጠርጓል፣ ሰው ሁሉ እርስዎን ይጠብቃል፣ መቼ ይመጣሉ አላቸው።

«ሌላ የውሃ አባት ምረጡ» አሉ አባቴ።

እኔ ይሄን ቃል ስመኝ ነው የከረምኩት። ስሰማው ግን ስልኩን ሌላኛውን እጄን ጨምሬ ያዝኩት።

«ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለ ሰውየው፣ አሁን ሳይጮህ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ። «አትጠብቁኝ። ልጄ ቤት ነኝ።»

ስልኩን ከጆሯቸው ላይ አነሳሁ። አባቴ ጫማቸውን አወለቁና ቀኝ እግራቸውን ዘረጉልኝ።